የቴሬኩ ጉድጓድ

ሚያዝያ 4 ቀን። ዛሬ ጠዋት አንድ ቴሬክ ዛፍ ከነሥሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ከካራጋንዳ ከተማ መጣ።

ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ? ከብቱም ነፍሱም ደህና ነው? ከብት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ከሰው በፊት ከብት ይጠየቃል ስለሚባል ነው። አጥንትህስ እንዴት ሆነ? ሐኪሞቹ በቀን አራት መቶ እርምጃ እንደሚያስሄዱህ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። ጎበዝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብርዱ እስኪወጣ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን ተሻለኝ። ፖስታ ቤቱ እንደነበረ ነው። የእናታችን ቤት ጣሪያ በረዶው ሲቀልጥ አፈሰሰ፤ መሰላል አቁሜ እኔው ደፈንኩት። ያንን ጣሪያ ካንተ በላይ ደጋግሞ ከላይ ያየ ሰው ስለሌለ ልንገርህ ብዬ ነው።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ዛፉን ያመጣው ሹፌር ነው። አሁን ወጥ ቤት ተቀምጦ ምሳውን እየበላ ነው። ሲጨርስ ወደ ካራጋንዳ ይመለሳል፤ ካለህበት ማገገሚያ በር ላይ እንደሚሰጥልኝ በልጆቹ ምሎልኛል። በፖስታ ብልከው ዓርብ ከመምጣትህ በፊት አይደርስም። ፖስታ ቤቱን የምሠራው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ሹፌሩ ተጫዋች ሰው ነው። ዛፉን ሁለት ቀን ሙሉ እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ነው ያመጣው፤ አንድ ቅርንጫፍ ቢሰበር ሥራህን እርሳው ተብሏል። «ሚስቴን ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ሳደርሳት እንኳ እንዲህ ተጠንቅቄ አልነዳሁም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ደጅ እያየ፣ «የወደቀው ዛፍ የት ጋ ነበር? ጉቶውን ነቀላችሁት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሾርባ ጨመርኩለት።

ጉድጓዱን አራት ሰዎች እየቆፈሩ ነው፤ በእናታችን ደጃፍ፣ ከበሩ በስተግራ። ቦታውን የመረጠው ኦራልባይ ነው፣ አዲሱ የወረዳ አስተዳዳሪ። በእርምጃው ለካና በጫማው ተረከዝ ምልክት አደረገ። ይህ ሰው ስላንተ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል፤ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። የዓርቡን ዝግጅት ከወረቀት ላይ አነበበልኝ። በሄሊኮፕተር ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ትወርዳለህ። ልጆቹ የወረቀት ኮከብ ይዘው ይሰለፋሉ። ሴቶቹ ከረሜላ ይበትኑልሃል። እዚህ ደጅ መጥተህ ቴሬኩን ትተክላለህ። ከዚያ የእግር ገመድ ይቆረጥልሃል።

አትሳቅ። እኔም የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓመት ለሞላው ሕፃን፣ ዳዴውን ትቶ ሲቆም፣ ሁለት ቁርጭምጭሚቱን በጥቁርና ነጭ ክር አስረን የምንቆርጥለትን ነው የምልህ። ኦራልባይ፣ «እትዬ ሻይዛ፣ እስቲ አስቢው፣ ጠፈርተኛችን መራመድን እንደ አዲስ ነው የተማረው። ለጠፈርተኛ የእግር ገመድ የቆረጠ አገር አለ? የለም! የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን» አለኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው አልኩት። ሕዝቡ ይወደዋል አለ። ፊቱ በኩል ፀጉሩ አልቋል አልኩት። «ቆብ ይደረግለታል» አለ።

ክሩን የምፈትለው እኔ ነኝ። የምቆርጠውም እኔ ነኝ።

ወጉን ካልረሳኸው፣ ቆራጩ ዝም ብሎ አይመረጥም። ልጁ አካሄዱን ከቆራጩ ይወስዳል ስለሚባል፣ ወላጅ ልጄ እንደ እሱ በሄደልኝ የሚለውን ሰው ነው የሚጠራው። እኔን የጠሩኝ ከጥር ወዲህ ቤቴ ሻይ ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው። ኦራልባይ ለዚህም መላ አለው። በመጀመሪያ ካሜራው ፊት፣ የእናታችንን ሞት ስለደበቅኩህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። አንተ ይቅር ትለኛለህ። ታቅፈኛለህ። ከዚያ እቆርጣለሁ። «ሁለት ደቂቃ ነው እትዬ። አልቅሺ አላልኩሽም፤ ከመጣልሽ ግን አትያዢው» አለኝ። እምቢ ካልኩ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም፤ ፖስታ ቤቱ ወጣት ሰው እንደሚያስፈልገው ብቻ፣ በሌላ ወሬ መሐል፣ ሁለት ጊዜ አነሳልኝ።

ይቅር ማለትህን አስቀድሜ ጋዜጣ ላይ አንብቤዋለሁ። «ቂም አልያዝኩም፤ እህቴ ያልተማረች አይደለችም፣ ፈርታ ነው» ብለሃል። አመሰግናለሁ። የቴሬኩንም ነገር እዚያው አነበብኩ፦ እናትህ የደጃችን ቴሬክ ወደቀ ብላ ጽፋልህ፣ አንተም ከዚያ ከላይ ሌላ እተክልልሻለሁ ብለህ ቃል ገብተህላት፣ ያንን ቃል ስትሰጥ ግን እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ኦራልባይ ይህን አንብቦ አለቀሰ። ዕንባውን ጠርጎ ዛፍ አዘዘ።

ሕይወትህንም በሁለት ገጽ አውጥተውታል። በልጅነትህ ከፈረስ ጀርባ ላይ ሆነህ ኮከብ ትቆጥር ነበር ይላል። ከፈረስ ጀርባ! ግራጫዋ ባዝራ አንዴ ከጣለችህ ወዲህ ፈረስ ያለበት በረት ገብተህ አታውቅም። የቀረው እውነት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመትህ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ገባህ። አሥራ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ሆነህ፣ ሌሎች ሲወጡ እጅህን እያውለበለብክ ቀረህ። መጀመሪያ ስምንት ቀን ወጣህ። ቀጥሎ መቶ ዘጠና ቀን። ሚስትህ በመቶ ዘጠናው ውስጥ ዕቃዋን ሰብስባ ስትሄድ ማንም አልነገረህም፤ ወርደህ ባዶ ቁም ሣጥን አገኘህ። የእናንተ ሰዎች ወግ ነው፤ ላይ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም። ያን ጊዜ ለእናታችን፣ «አለመንገራቸው ጥሩ ነበር፣ ሥራዬን ጨረስኩ» አልካት። እሷ ሻይ ቀዳችልህ። እኔ ግን ያንን አባባልህን አልረሳሁትም።

ከላይ ሲታይ ድንበር የለም ብለህ ለትምህርት ቤት ልጆች ተናግረሃል። አጨበጨቡልህ። ከላይ ሲታይ የልብስ ማስጫ ገመድም አይታይም፤ እሱን ግን አልነገርካቸውም። የጠፈር ማዕከሉ በእኛ ላይ የምታልፍበትን ሰዓት የያዘ ወረቀት ይልክልኝ ነበር። እናታችን ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ግን ሰዓቱ ሲደርስ እጇን ይዤ ወደ ግቢው አወጣት ነበር። ነጭ ሻሿን ከማስጫው ገመድ ላይ አውርዳ ወደ ሰማይ ታውለበልባለች። «አለፈ?» ትለኛለች። አለፈ እላታለሁ። ደመና በሆነ ቀንም አለፈ እላታለሁ። ውሸት የጀመርኩት ካንተ አይደለም፣ ከእሷ ነው። በዚያ አላፍርም።

በሐምሌ፣ ካረግክ በሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ቀን፣ ሞተች። አልታመመችም። ጠዋት ላይ ትራሴን አስተካክዪልኝ አለችኝ፤ አስተካከልኩ፤ ዞር ስል አልነበረችም። ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ቀበሯት። ወንድ ልጇ የሚጥለውን የመጀመሪያ አፈር የጎረቤት ሰው ጣለው።

በሦስተኛው ቀን ሪማ አርካዲየቭና ከማዕከሉ መጣች። የእናንተን መንፈስ የምትጠብቀው ባለሙያ ማለቴ ነው፤ አንተ ለስላሳ እጅ ያላት እያልክ የምትጠራት። የእውነት እጇ ለስላሳ ነው። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «ካወቀ ያዝናል። ያዘነ ሰው እዚያ ላይ እንዲቆይ አንፈቅድም። በመስከረም በሚመለሰው መንኮራኩር አስቀምጠን እናወርደዋለን፤ በረራውም በዚያው ያበቃል። ካላወቀ ግን ይቀጥላል። አንቺ የእናትሽን ደብዳቤ አታቋርጪ።» እሷ ማየት ከተሳናት ወዲህ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ እጅ ጽሑፉ አይለወጥም። ከመውጣትህ በፊት ክፉ ወሬ አይነገረኝ ብለህ የፈረምክበትን ወረቀትም አሳየችኝ። ፊርማህን አወቅኩት፤ የመጨረሻዋን ፊደል ጅራት ሁልጊዜ ወደ ላይ ትተኩሳታለህ። ከሥር እኔም ፈረምኩ። ይህንን አልክድም።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንደተባልኩት ጻፍኩት። ደህና ነኝ፣ በጎቹ ተሸለቱ፣ እህትህ ጉልበቷን ያማታል። ሌሊቱን አልተኛሁም ብዬ ላሳዝንህ አልፈልግም፤ ተኝቻለሁ። ግን በነጋታው ስነሳ አባታችን የሞተበት ቀን ትዝ አለኝ።

አንተም ታስታውሳለህ። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። የመንደራችን ሽማግሌ አባባ ዱይሰንቤክ ከአምስት ሰዎች ጋር መጥቶ ከበሩ ሳያልፍ ተንበርክኮ ተቀመጠ። ሞተ አላለም። በእኛ ዘንድ ሞት በስሙ አይነገርም፤ ሐይቁ ደረቀ ይባላል፣ ዛፉ ወደቀ ይባላል፣ ሰሚው ራሱ ይደርስበታል። እሱም፣ «የቤታችሁ ጭልፊት ማሰሪያውን በጥሶ በረረ፤ ቆመን ጠራነው፤ አልተመለሰም» አለ። እናታችን ገና የትኛው ጭልፊት እያለች ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እኔም አልገባኝም። መጀመሪያ የጮኸው ማን ነበር? አንተ። ከሁላችን ቀድመህ። አባባ ዱይሰንቤክ እስከ ዛሬ፣ «ያ ልጅ ጆሮ ነበረው» ይላል።

ስለዚህ በሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ፣ በጎቹና ጉልበቴ መሐል፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የደጃችን ቴሬክ ወደቀ። ነፋስ አልነበረም፤ ትልም አልበላውም፤ ንጋት ላይ ዝም ብሎ ተኛ። ሥሩ ላይ ቆመን ጠራነው፤ አልተነሳም።»

ሪማ አርካዲየቭና አነበበችውና ዓይኗ ረጠበ። «እናትሽ ገጣሚ ነበረች ማለት ነው! የተፈጥሮ ወሬ ያረጋጋቸዋል። በየሳምንቱ እንዲህ ያለ ነገር ጨምሪበት» አለችኝ። ማኅተሟን አደረገችበትና ወደ ላይ ላከችው። አምስት ዓመት ስለ ሰው ልብ የተማረች ሴት ናት።

በእናታችን ደጅ ቴሬክ ኖሮ አያውቅም። በዚያ ጨው መሬት ላይ ሽንኩርት እንኳ እምቢ ብሏት ነበር። አንተ እዚያ ደጅ ላይ ነው ያደግከው።

ቀጥሎ ያለው እሑድ የቤተሰብ ቀን ነበር። ካራጋንዳ ወስደው ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጡኝ፤ ሪማ ከጎኔ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ። አንተ እግርህን የሆነ ብረት ሥር ሸጉጠህ ተንሳፈፍክ። ብስኩት ታኝክ ነበር። ሁልጊዜ ገና ምስሉ ሳይጠራ፣ «እናቴስ?» ትለኝ ነበር፤ እናታችን መንገዱ ከብዷት በቀረች ጊዜ ሁሉ። እግሯን አሟታል የሚለውን መልስ በልቤ ሳመላልሰው ነበር የመጣሁት። አልጠየቅከኝም። ማኘክህን አቆምክ። ሪማ ድምፁ የጠፋ መስሏት ሽቦውን ነካካች። የብስኩቱ ፍርፋሪ ፊትህ ላይ እንደ ዝንብ እየዞረ ነበር፣ አላባረርከውም። ከዚያ፣ «ያሳዝናል፤ ጥሩ ዛፍ ነበር። ስመለስ ሌላ እተክልላታለሁ በያት» አልከኝ። ቀጥለህ ወደ ሪማ ዞረህ፣ ከእኛ አገር ሰው አራት መቶ ቀን የሞላ አለ ወይ ብለህ ጠየቅካት። የለም አለችህ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሰባት እሑድ አገኘሁህ። በሃያ ሰባቱም ስለ በግ ጠየቅከኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቅከኝ፣ ስለ ኦራልባይ ሹመት ጠየቅከኝ። የመስከረሙ መንኮራኩር ሁለት ሰዎች ይዞ ወረደ፤ ተሳፍረህበት ቢሆን ለመቶኛው ቀን ድግስ ትደርስ ነበር። እኔ በግ አርጄ፣ ሥጋውን ቀቅዬ፣ ሰው አስቀምጬ፣ «ልጇስ?» ሲሉኝ ወደ ላይ አሳየሁ።

ምንም አልጠይቅህም። ፖስታ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ደብዳቤ ሲደርስና ሳይደርስ ለይቼ አውቃለሁ።

በጥር ስትወርድ በረዶው ላይ ወስደው አቆሙኝ፤ የምነግርህ እኔ እንድሆን ሪማ ወሰነች። ከመንኮራኩሩ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ አወጡህ። ወንበር ላይ አስቀመጡህ፣ ብርድ ልብስ ደረቡልህ፣ እጅህ ላይ ፖም አስያዙህ። እኔን አይተህ ፈገግ አልክ። ከዚያ ካሜራ የያዘው ሰው ቀረበ፤ ያን ጊዜ፣ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እናቴስ?» አልከኝ።

ነገርኩህ። ፖሙን ጣልከው። «የገዛ እህቴ!» አልክ፤ «የገዛ እህቴ ደበቀችኝ!» ዕንባህ ወረደ። እዚያ ላይ ዕንባ አይወርድም፣ ዓይን ላይ እንደ ኳስ ይቆማል ብለኸኝ ነበር፤ እዚህ ግን ጥሩ አድርጎ ወረደልህ። አገሩ ሁሉ አየው። ሦስት ቀን ደጋግመው አሳዩት።

ከዚያ ወዲህ ያለኝን ኑሮ ልንገርህ፣ ስላልጠየቅከኝ። ሞት የደበቀ ከሟቹ ይሰርቃል ይባላል እዚህ፤ አንተም ታውቃለህ። ጡረታቸውን ሊቀበሉ የሚመጡት አሮጊቶች፣ «እስቲ ለእኔ የመጣ ሞት ካለ ከመደርደሪያው ሥር ፈልጊልኝ» ይሉኛል። አንዷ ደብዳቤዋን ብርሃን ላይ አንስታ፣ ተከፍቶ እንደሆነ አየች፤ እዚያው ፊቴ ቆማ። አባባ ዱይሰንቤክ ከጥር ወዲህ ሰላምታዬን አይቀበልም። ዘጠና ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ እኔን ላለማየት መንገድ ይሻገራል፤ አንድ መንገድ ለመሻገር እሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ «የጠፈርተኛው እናት» ብለው ጽፈውበታል። ስሟ ከሥር በትንሹ ነው። አንተ ከወደቅክ ምን ይቀራታል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ስሟ ይቀራታል።

ጥቁሩን ክር ፈትዬ ጨርሻለሁ። እናታችን ጥቁርና ነጩን አብራ ስትፈትል ምን ትል እንደነበር ታስታውሳለህ? የሌላውን ሰው ክር ተራምደህ አትለፍ። ያንተ ያልሆነውን አትውሰድ ማለቷ ነበር። ያንተንም ገመድ ስትቆርጥ እንዲሁ ብላለች፤ እኔ እግርህን ይዤልህ ነበር። አንድ ጊዜ ተቆርጦልሃል ወንድሜ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚቆረጥለት ሰው አላየሁም።

ቅድም ይህን ስጽፍ ከደጅ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ዱይሰንቤክ ነው። በዱላው ተደግፎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ቆፋሪዎቹን ምን እየሠራችሁ ነው አላቸው። በወደቀው ቴሬክ ምትክ፣ አሉት። «የትኛው ቴሬክ?» አለ። አንደኛው ሳቀና፣ «አባባ፣ የጠፈርተኛው እናት በደብዳቤ የጻፈችው ነዋ! ንጋት ላይ ወደቀ፣ ጠራነው፣ አልተነሳም ያለችው። ጋዜጣ አታነብም እንዴ?» አለው። ሽማግሌው አልሳቀም። «እስቲ ድገመው፣ ምን ነበር ያለችው?» አለ። ደገመለት። በዱላው የጉድጓዱን አፈር ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ፣ «ሰባ ዓመት በዚህ ደጅ አልፌያለሁ፤ አንድ ቀን ጥላ አግኝቼ አላውቅም» አለ። ደብዳቤው መቼ ነው የተላከው ብሎ ጠየቀ። እሷን ጠይቃት አሉት፣ ወደ መስኮቱ እያመለከቱ።

አልሄደም። ዱላውን ተደግፎ ወደ መስኮቱ ያያል። ከጥር ወዲህ ፊት ለፊት ሲያየኝ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ሹፌሩ እጁን እየታጠበ ነው፤ ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። ዓርብ ና ወይም አትምጣ፤ እሱን አንተ ታውቃለህ። መሬት እግርህን ትልመድልህ። አጥንትህ ይጽና። የጣልከውን ፖም የሚያነሳልህ አትጣ።

ነጩ ሱፍ ቅርጫቱ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አልነካሁትም። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ አይጠብቅም፤ ወጣሁ።

እህትህ